የጊታር እንጨት፦ የባለ እጅ ክብር፣ የስደተኛ ሙያና የምሥራቅ አፍሪካው ጥቁር ዛፍ



በእንዲህ ያለ መጽሔት ላይ ስለ መሥራቾቻችን፣ ስለ ዕድራችንና ስለ ልጆቻችን የአማርኛ ትምህርት ማንበብ የተለመደ ነው። ይህ ጽሑፍ ግን በብዙዎቻችን ሳሎን ውስጥ ስለሚገኝ አንድ ዕቃ ይናገራል። ክራሩ ከግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ለጌጥ ሲቀመጥ፣ ጊታሩ ደግሞ ከሶፋው አጠገብ ተደግፎ የልጆቻችንን እጅ ይጠብቃል። ወላጆች አንዳንድ ጊዜ ይህን ሲያዩ ልጆቹ የራሳቸውን ትተው የሰው ወደዱ ብለው ያዝናሉ። ስለዚህ ጊታር ማን እንደ ፈጠረው፣ በምን እንጨትና በምን ዓይነት እጅ እንደሚሠራ፣ ከእኛና ከምንኖርበት ከዚህ አካባቢ ጋርስ ምን እንደሚያገናኘው ማወቅ ይጠቅማል። ታሪኩ ስለ ሙዚቃ ብቻ ሳይሆን ስለ ስደት፣ ስለ እጅ ሙያ ክብርና ለልጅ ልጅ ስለሚተርፍ ነገርም ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዘመናት፣ ካልተገለጸ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስሙ ከየት መጣ?

«ጊታር» የሚለው ቃል በስፓኒሽ «ጊታራ»፣ በዐረብኛ «ቂታራ» እየተባለ ወደ ኋላ ሲቆጠር እስከ ግሪኩ «ኪታራ» ድረስ ይደርሳል። የጥንቶቹ ግሪኮች ኪታራ ግን ዛሬ የምናውቀውን ጊታር አይመስልም ነበር። ከታች የድምፅ ሣጥን፣ ከሣጥኑ የሚወጡ ሁለት ቋሚዎች፣ ከላይ ሁለቱን የሚያገናኝ ቀንበር፣ ከቀንበሩ ወደ ሣጥኑ የሚወርዱ አውታሮች ነበሩት። ይህን ያነበበ ኢትዮጵያዊ ወዲያው በገናና ክራርን ማስታወሱ አይቀርም። በእርግጥም የሙዚቃ መሣሪያ አጥኚዎች ሦስቱንም በአንድ ቤተሰብ ይመድቧቸዋል። ስለዚህ በስም ደረጃ ክራራችን ለጊታር ባዕድ አይደለም፤ ጊታር ስሙን የወረሰው ከክራር የሩቅ ዘመድ ነውና።

ዛሬ የምናውቀው ባለ አንገት ጊታር በስፓኒያና በጣሊያን አገር ለብዙ መቶ ዓመታት ሲለዋወጥ ቆይቷል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በስፓኒያ «ቪዌላ» የሚባል የቅርብ ዘመዱ ይደመጥ ነበር። ከዚያ ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚታሰሩ አምስት ረድፍ አውታሮች ያሉት ጊታር ተስፋፋ። ስድስት ነጠላ አውታሮች ያሉት ጊታር የተለመደው በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ19ኛው መጀመሪያ ገደማ ነው። በጎኑ ደግሞ በሞምባሳና በዛንዚባር የታረብ ሙዚቃ የምንሰማው ዑድ አለ። «ዑድ» በዐረብኛ እንጨት ማለት ነው። መሣሪያው በተሠራበት ነገር ስም መጠራቱ የጥንት ሰዎች ለእንጨት የሰጡትን ቦታ ያሳያል።

ከአናጺነት ወደ ጊታር ሠሪነት

የዘመናዊው ክላሲካል ጊታር አባት የሚባለው አንቶኒዮ ዴ ቶሬስ ነው። በ1817 በደቡብ ስፓኒያ በአልሜሪያ አጠገብ ተወልዶ በ1892 ዐረፈ። ሙያውን የጀመረው በአናጺነት ሲሆን ጊታር ሠሪነቱን ያስመሰከረው በሴቪሊያ ከተማ ነው። ቶሬስ የጊታሩን ሆድ አሰፋ፤ የፊቱን ሳንቃ አሳሳ። ከሳንቃው ውስጥ ደግሞ እንደ ማራገቢያ የተዘረጉ ቀጫጭን የእንጨት ደጋፊዎችን በሥርዓት አሰናዳ። የአውታሩ ርዝመት 65 ሴንቲ ሜትር ገደማ እንዲሆን ያደረገው ልክም እስከ ዛሬ የክላሲካል ጊታር መደበኛ ልክ ሆኖ ቆይቷል።

ይህ ሰው በ1862 የሠራው አንድ ጊታር በተለይ ይታወሳል። ጀርባውንና ጎኖቹን ውድ ከሆነ እንጨት በመሥራት ፈንታ ከወረቀት ልቁጥ ሠራው፤ የፊቱን ሳንቃ ብቻ ከጥሩ እንጨት አደረገው። የጊታር ድምፅ ዋና ምንጭ የፊቱ ሳንቃና የሠሪው አያያዝ መሆኑን ለማሳየት የተደረገ ሙከራ ነበር። ያ ጊታር ዛሬ በባርሴሎና የሙዚቃ ሙዚየም ይገኛል። አባቶቻችን «ሙያ በልብ ነው» ያሉት እንዲህ ላለው ሰው ሳይሆን አይቀርም።

የሁለት ማኅበራት ክርክርና የአንድ ሰው ስደት

ሁለተኛው ታላቅ ስም የስደተኛ ስም ነው። ክርስቲያን ፍሬድሪክ ማርቲን በ1796 በጀርመን አገር በሳክሶኒ፣ ማርክኖይኪርኸን በምትባል ከተማ ከአናጺ ቤተሰብ ተወለደ። ለሥራ ልምምድም ወደ ቪየና ሄዶ በታወቀው ጊታር ሠሪ በዮሐን ጊዮርግ ሽታውፈር ቤት ሠራ። ወደ አገሩ ሲመለስ ግን የሚጠብቀው ክርክር ነበር። በዚያ ዘመን እያንዳንዱ ሙያ የራሱ ማኅበር ነበረው፤ ከማኅበሩ ውጭ የሆነ ሰው በዚያ ሙያ መሥራት አይፈቀድለትም። ቫዮሊን ሠሪዎቹ «የሙዚቃ መሣሪያ መሥራት የእኛ ድርሻ ነው፤ አናጺዎች ወንበርና ሣጥን ይሥሩ» በማለት የማርቲን ወገኖች ጊታር እንዳይሠሩ ለማስከልከል ተነሡ። ክርክሩ ለዓመታት ተጓተተ። አናጺዎቹ መብታቸውን ማስከበር ቢችሉም ማርቲን በዚያ ከተማ ለመቆየት አልፈለገም። በ1833 ቤተሰቡን ይዞ ወደ ኒው ዮርክ ተሰደደ፤ በዚያም ትንሽ ሱቅ ከፈተ። በ1830ዎቹ መጨረሻ ደግሞ በፔንስልቬንያ ወደምትገኘው ናዝሬት ወደተባለች ትንሽ ከተማ ተዛወረ። እኛም አዳማን በዚህ ስም ስንጠራት ስለኖርን ስሟ ለጆሯችን እንግዳ አይደለም።

ማርቲን በአዲሱ አገሩ የቪየናውን አሠራር እንዳለ ይዞ አልቀጠለም። የሚገዙትን ሰዎች ፍላጎትና የሚያገኘውን እንጨት እያየ አሠራሩን አሻሻለ። በ1840ዎቹ የፊቱን ሳንቃ ከውስጥ በመስቀለኛ ቅርጽ የሚደግፍ አሠራር በጊታሮቹ ላይ መታየት ጀመረ። ያን ጊዜ ለጅማት አውታር የታሰበው ይህ መስቀል፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን የብረት አውታር ሲመጣ ጫናውን የሚችል ሆኖ ተገኘ። ዛሬ በዓለም ላይ የሚሠራው አብዛኛው ባለ ብረት አውታር ጊታር ይህንኑ መስቀል በሆዱ ይዟል። ማርቲን በ1873 ካረፈ በኋላ ልጁ፣ ከዚያም የልጅ ልጁ ሥራውን ቀጠሉ። ድርጅቱ እስከ 2021 ድረስ በቤተሰቡ ስድስት ትውልድ ሲመራ ኖሯል።

በስደት ለምንኖር ሰዎች ይህ ታሪክ ብዙ ይነግረናል። ሰውዬው በአገሩ «አናጺ ነህ» ተብሎ ሊከለከል የነበረውን ሥራ በሰው አገር አንቱ ተብሎ ሠራው። ከአገሩ ይዞት የወጣው ሀብት በእጁ ያለው ሙያ ነበር። ያንንም ለልጁ አወረሰ።

አንድ ጊታር በእጅ እንዴት ይሠራል?

በፋብሪካ የሚሠራ ጊታር ብዙ ሰውና ብዙ መኪና ያልፍበታል። በእጅ የሚሠራው ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ ሰው ወይም በጥቂት ሰዎች እጅ ያልፋል፤ ለወራትም ሊቆይ ይችላል። አሠራሩን በአጭሩ እንመልከት።

የመጀመሪያው ሥራ እንጨት መምረጥና ማድረቅ ነው። ለፊቱ ሳንቃ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው በቀዝቃዛ አገር ቀስ ብሎ የሚያድገው «ስፕሩስ» ነው። ክብደቱ ቀላል፣ ጥንካሬው ግን ብዙ ነው። ግንዱ እንደ ዳቦ ቁራሽ ከመካከል ወደ ዳር ይሰነጠቃል። ይህም የዕድገት ቀለበቶቹ በሳንቃው ላይ ቀጥ ብለው እንዲቆሙ ያደርጋል። ከዚያ በጥላ ሥር፣ አየር እያገኘ፣ ለዓመታት ይቀመጣል። እርጥብ እንጨት ላይ የቸኮለ ሠሪ ውሎ አድሮ የተሰነጠቀ ጊታር ያገኛል።

ሁለተኛው ሥራ ሳንቃውን መክፈት ነው። አንዱ ጣውላ በመጋዝ ለሁለት ይሰነጠቅና እንደ መጽሐፍ ይከፈታል። ሁለቱ ገጾች ጎን ለጎን ሲጣበቁ የአንዱ መስመር የሌላው የመስተዋት ምስል ይሆናል። ቀጥሎ በመላጊያና በመፋቂያ እየሳሳ የፊቱ ሳንቃ ወደ 2.5 ወይም 3 ሚሊ ሜትር፣ ጎኖቹ ደግሞ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ይወርዳሉ። የዚህ ሥራ ዋና መለኪያ ጆሮ ነው። ሠሪው ሳንቃውን በሁለት ጣት ጫፉ ላይ ይይዝና በጣቱ መገጣጠሚያ ያንኳኳል። ወፍራም ሲሆን ድምፁ የታፈነ ይሆናል፤ በሚገባ ሲሳሳ እንደ ደወል ይዘረጋል። ከልክ በላይ ከሳሳ ግን አውታሩ ያጎብጠዋል። ክራር የሚሠራ ሰው ቆዳ ወጥሮ በጣቱ እየመታ እንደሚያዳምጠው ማለት ነው። ለክራር ቆዳ የሚሠራውን ሥራ ለጊታር ይህ ስስ ሳንቃ ይሠራዋል።

ሦስተኛው ደጋፊዎቹን ማጣበቅ ነው። በባለ ብረት አውታር ጊታር ላይ ስድስቱ አውታሮች ተደምረው ከ70 ኪሎ በላይ ይስባሉ፤ የአንድ ጎልማሳ ሰው ክብደት ያህል ማለት ነው። ይህን ሁሉ ጫና የሚችለው 3 ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞላ ሳንቃና ከሥሩ የተጣበቁ ቀጫጭን እንጨቶች ናቸው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ተረታችን በጊታር ሆድ ውስጥ ይታያል። ሠሪው ደጋፊዎቹን በሹል መሮ እየፈቀፈቀ፣ በየመካከሉ እያንኳኳ፣ ጥንካሬንና ነጻነትን ያመዛዝናል። በጣም የጠነከረ ሳንቃ አይዘፍንም፤ በጣም የላላ አይቆምም።

አራተኛው ጎኖቹን ማጉበጥ ነው። ስሱ እንጨት በውሃ ይረጥብና በጋለ የብረት ቱቦ ላይ በቀስታ ይጫናል። እንጨቱ ሙቀቱ ዘልቆት ሲለሰልስ በእጅ ይታወቃል። ያን ጊዜ ይጎብጣል፤ ቀድሞ የተጫነው ይሰበራል፤ የዘገየው ያርራል። የወገቡ ቅርጽ ከያዘ በኋላ በቅርጽ ማውጫው ውስጥ ታስሮ እስኪደርቅ ይቆያል። ከዚያ ፊቱ፣ ጀርባውና ጎኖቹ በኮላ ይገጠማሉ። ብዙ ባለ እጆች ዛሬም ከከብት ቆዳ የሚወጣውን ሙጫ ይመርጣሉ። ምክንያቱም ከመቶ ዓመት በኋላ ጊታሩ ጥገና ቢያስፈልገው በሙቀትና በእንፋሎት ተለቅቆ እንደገና ሊጣበቅ ስለሚችል ነው። ይህም ሠሪው ስለማያየው ጠጋኝ አስቦ ይሠራል ማለት ነው።

አምስተኛው አንገቱና ጣት የሚያርፍበት ሰሌዳ ነው። እዚህ ላይ ጆሮ ቦታውን ለሒሳብ ይለቃል። የአውታሩ ርዝመት ለ17.817 ይካፈላል፤ ድርሻው የመጀመሪያው የብረት መስመር የሚቀመጥበት ነው። ለምሳሌ በ650 ሚሊ ሜትር አውታር ላይ የመጀመሪያው መስመር 36.5 ሚሊ ሜትር ላይ ያርፋል። የቀረው ርዝመት እንደገና በዚያው ቁጥር ይካፈላል፤ እንዲህ እየተባለ ሲቀጥል 12ኛው መስመር ልክ ከመካከሉ፣ 325 ሚሊ ሜትር ላይ ይውላል። የጥንት ሠሪዎች ለ18 በማካፈል ይገለገሉ ነበር። የታላቁ የከዋክብት ተመራማሪ የጋሊልዮ አባት ቪንቼንዞ ጋሊሌይ በ1581 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ ቁጥር ጽፎታል። ሒሳብ ለሚጠሉ ልጆቻችን ይህን ማሳየት ሳይጠቅም አይቀርም።

በመጨረሻም ጊታሩ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል፤ ከነፍሳት በሚገኝ «ሼላክ» በተባለ ሙጫ በጨርቅ እየታሸ፣ በብዙ ስስ ድርብ ይወለወላል። ቀለሙ ከወፈረ ድምፁን ያፍነዋል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንደሚባለው የመጨረሻው ሥራም የሚጠይቀው ትዕግሥትን ነው።

ሐረግ ያለው እንጨት

የብራና መጻሕፍቶቻችንን ያየ ሰው በገጹ ራስ ላይ ተጠላልፎ የሚታየውን «ሐረግ» ያውቀዋል። በአንዳንድ ዛፎች ውስጥም እንዲሁ ያለ ሐረግ አለ። የዛፉ ቃጫ ቀጥ ብሎ ከማደግ ይልቅ እንደ ሞገድ ሲወላገድ፣ ሲጠማዘዝ ወይም እየተቆለፈ ሲያድግ፣ የተላገው ሳንቃ ብርሃንን በልዩ ልዩ አቅጣጫ ይመልሳል። ሳንቃው በእጅ ሲዘነበል መስመሩ የሚንቀሳቀስ ይመስላል። በሜፕል ላይ እንደ ነብር ጀርባ የሚታይ አለ፤ እንደ ወፍ ዓይን ነጠብጣብ የሚሆንም አለ። በሃዋይ ደሴቶች የሚበቅለውና የግራራችን ዘመድ የሆነው «ኮአ» ደግሞ ወርቃማ ሞገድ ያወጣል።

እንዲህ ያለው እንጨት ውድ ነው፤ ለሠሪው ግን ፈተና ነው። ቃጫው በየአቅጣጫው ስለሚሄድ መላጊያው ይቦጭቀዋል፤ በጋለ ቱቦ ላይ ሲጎብጥም ከሌላው ይልቅ ቶሎ ይሰበራል። ታዲያ ይህ ሁሉ ድካምና ገንዘብ ለድምፅ ምን ይጨምራል? የቶሬስ የወረቀት ጊታር ለጥያቄው አንድ መልስ ሰጥቷል። በ2018 ደግሞ በእንግሊዝ አገር የላንካስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንድ ጥናት አሳተሙ። በሁሉ ነገር አንድ ዓይነት ሆነው የጀርባቸውና የጎናቸው እንጨት ብቻ የሚለያይ ስድስት ጊታሮች አሠርተው፣ 52 ጊታር ተጫዋቾች እንጨቱን ሳያዩ እንዲጫወቱባቸው አደረጉ። ተጫዋቾቹ ለጊታሮቹ የሰጡት ነጥብ እጅግ ተቀራራቢ ሆነ፤ ርካሹ እንጨት ከውዱ ሮዝዉድ ያነሰ አልተባለም። እንግዲህ ሐረጉ ለዓይን በዓል ነው፤ ድምፁን የሚሠራው ግን በዋናነት የፊቱ ሳንቃና እጁ ነው።

ይህን ማወቅ የሚጠቅመው ውድ እንጨት ፍለጋ ደን ስላራቆተ ነው። ለመቶ ዓመት ያህል ጊታር ሠሪዎች ከሁሉ አብልጠው የወደዱት የብራዚል ሮዝዉድ ከመመናመኑ የተነሣ፣ በ1992 «ሳይተስ» በተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት መሠረት ንግዱ በጥብቅ ተከለከለ። ከ2017 መጀመሪያ ጀምሮ ደግሞ ሮዝዉድ የሚመደብበት «ዳልበርጂያ» የተባለው ወገን በሙሉ በቁጥጥር ሥር ገባ። ተሠርተው ያለቁ የሙዚቃ መሣሪያዎች ከቁጥጥሩ ነጻ የሆኑት በ2019 መጨረሻ ነው።

ጊታር በምሥራቅ አፍሪካ

ጊታር ወደዚህ አካባቢ በልዩ ልዩ መንገድ ገባ። በወደቦች በኩል በመርከበኞችና በነጋዴዎች እጅ መጣ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮችም አስፋፉት። ከእነዚህ አንዱ በጦርነቱ ጊዜ በወታደሮች የሙዚቃ ክፍል ያገለገለው ኬንያዊው ፉንዲ ኮንዴ ነው። በ1952 ሂዩ ትሬሲ የተባለው የሙዚቃ ቀራጭ በኮንጎ ካታንጋ ያገኘው ዣን ቦስኮ ምዌንዳም፣ በጣቶቹ ብቻ ሁለት ጊታር የሚመስል ድምፅ እያወጣ ለናይሮቢና ለመላው ምሥራቅ አፍሪካ ወጣት አርአያ ሆነ። በእኛም አገር በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ዘመናዊ ባንዶች ሲስፋፉ ጊታር ቦታውን ያዘ። ቀጥሎም እንደ ሰላም ስዩም ያሉ የአይቤክስና የሮሃ ባንድ ጊታረኞች የትዝታንና የአንቺሆዬን ቅኝት በስድስቱ አውታር ላይ አሳረፉት። መሣሪያው የሰው ቢሆንም ቅኝቱ የራሳችን ነው።

መሣሪያው ከአገር አገር ሲዘዋወር የአየር ጠባይ እንደሚጎዳውም ወላጆች ሊያውቁት ይገባል። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ በጎኑ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይሸማቀቃል። ከሞምባሳ ወይም ከጅቡቲ ባሕር ዳርቻ በአንድ ቀን ወደ ደረቁ የአዲስ አበባ የበጋ አየር የተወሰደ ጊታር ፊቱ ሊሰነጠቅ ይችላል። ለጊታር የሚስማማው ከ45 እስከ 50 በመቶ የሆነ የአየር እርጥበት ነው። ስለዚህ ከሣጥኑ ሳይወጣ ይቀመጥ፤ በደረቅ ወራት በሣጥኑ ውስጥ እርጥብ ስፖንጅ በተበሳሳ ዕቃ ይደረግለት፤ በመኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ አይተው።

በደጃችን ያለው ጥቁር ዛፍ

የታንዛንያ ብሔራዊ ዛፍ ምፒንጎ ነው። በእኛ አገር ቆላዎችም ይበቅላል፤ በአማርኛ ዞጲ ሲባል ይሰማል። ከኤርትራና ከኢትዮጵያ ቆላ ጀምሮ እስከ ሞዛምቢክና ደቡብ አፍሪካ ድረስ የሚገኝ ሲሆን፣ የብራዚሉ ሮዝዉድ የሥጋ ዘመድ፣ ያው ዳልበርጂያ ነው። ቁመቱ ትንሽ፣ ግንዱ ብዙ ጊዜ ጠማማ ነው። ዳሩ ነጭ ገርጣ ያለ ሲሆን ልቡ ጥቁር ነው። ከመክበዱ የተነሣ ውሃ ውስጥ ይሰጥማል። ለሥራ እስኪደርስ ከ70 እስከ 100 ዓመት ይፈጃል። በአውሮፓና በአሜሪካ የሚነፉ የክላሪኔትና የኦቦ መሣሪያዎች በአብዛኛው ከዚሁ እንጨት የተሠሩ ናቸው፤ አንዳንድ ጊታር ሠሪዎችም ለጀርባ፣ ለጎንና ለጣት ሰሌዳ ይመርጡታል። በናይሮቢና በዳሬሰላም ገበያ የምናየው የማኮንዴ ቅርጻ ቅርጽም ከምፒንጎ ነው።

ታንዛንያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሴባስቲያን ቹዋ ከ1996 ጀምሮ በኪሊማንጃሮ ግርጌ በሞሺ አካባቢ ልጆችንና መንደርተኞችን አስተባብሮ የምፒንጎ ችግኝ ሲያስተክል ኖሮ በ2014 ዐረፈ። በ2009 ደግሞ በደቡብ ታንዛንያ በኪልዋ ወረዳ የሚገኙ ሁለት መንደሮች ደናቸውን በአግባቡ ለመያዛቸው ዓለም አቀፍ የምስክር ወረቀት አግኝተው፣ ከምፒንጎ ሽያጭ ራሳቸው መጠቀም ጀመሩ። በካሜሩን ደግሞ በ2011 አንድ የአሜሪካ ጊታር ሠሪ ድርጅት ከስፓኒያ ሸሪኩ ጋር በያውንዴ ያለ የጥቁር እንጨት መሰንጠቂያ ገዛ። የድርጅቱ መሥራች ቦብ ቴይለር በዚያ ያገኘውን ጉድ ተናገረ። ቆራጮች ዛፉን ከጣሉት በኋላ ልቡ ሙሉ ጥቁር ካልሆነ፣ ቡናማ መስመር ከታየበት፣ በጫካው ጥለውት ይሄዱ ነበር። ገዢ የሚፈልገው ጥቁሩን ብቻ ስለሆነ ነው። ድርጅቱ ከዚያ በኋላ መስመር ያለበትንም እንጨት በጊታሮቹ ላይ ማዋል ጀመረ። በ2016ም ዛፉን መልሶ ለመትከል የሚሠራ ፕሮጀክት ተጀመረ። በአንድ ቦታ ሐረግ ስላለው ከወርቅ የሚወደድ እንጨት፣ በሌላ ቦታ ሐረግ ስላለው ይጣል ነበር ማለት ነው። ልዩነቱ የገዢው ዓይን እንጂ የዛፉ አይደለም።

በእኛም አገር ዋንዛ፣ ኮሶ፣ ዝግባና ጽድ ከመመናመናቸው የተነሣ፣ በ1994 የወጣው የደን አዋጅ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከልክሏል። ከበሮአችንና ሞሰባችን አጠገብ የሚቀመጠው በርጩማ፣ የቤተ ክርስቲያኑ በርና መስኮት ከእነዚህ ዛፎች ይሠሩ ነበር። ዛፉ ሲያልቅ ዕቃው ብቻ ሳይሆን ዕቃውን የሚያውቀው እጅም ይጠፋል።

ለልጆቻችን ምን እናውርስ?

የማርቲንን ታሪክ ስናነብ በራሳችን ታሪክ ውስጥ ያለውንም ማስታወስ ተገቢ ነው። በአገራችን «ባለ እጅ» የሚለው ስም ለረጅም ዘመን የክብር ስም አልነበረም። ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ፋቂው፣ ሸክላ ሠሪዋ ያለ እነርሱ ኑሮ የማይገፋ ሆኖ ሳለ ተሰደቡ፤ ተገለሉ። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆችን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት የደረሱት ነገሩ ሥር የሰደደ ስለ ነበረ ነው። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ቢሆነውም፣ በስደት አገር ሳይቀር ልጃችን ሐኪምና መሐንዲስ ካልሆነ የወደቀ የሚመስለን ጥቂቶች አይደለንም። የክራሩን ድምፅ እናደንቃለን፤ ክራሩን የሠራውን ሰው ግን ስሙን አንጠይቅም።

በገናን እንውሰድ። አሥር የበግ አንጀት አውታሮቹ፣ ከሰው ደረት በላይ የሚቆመው ቁመቱ፣ ድምፁን የሚያንዘረዝሩት ትናንሽ የቆዳ እንዚራዎቹ በአባቶች ትውፊት እስከ ንጉሥ ዳዊት የሚቆጠሩ ናቸው። ይሁን እንጂ በአንድ ወቅት ሊረሳ የተቃረበ ነበር። በያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ያስተማሩት እንደ ዓለሙ አጋ ያሉ ሊቃውንት ባያቆዩትና ለደቀ መዛሙርት ባያስተላልፉት ኖሮ፣ ዛሬ በየከተማው በገና የሚማሩትን ወጣቶች ባላየን ነበር። ደርዳሪው ሲበዛ መሣሪያ ፈላጊ ይበዛል፤ ፈላጊ ሲበዛ ደግሞ የሠሪው እጅ ሥራ ያገኛል።

እንግዲህ በዚህ የኢዮቤልዩ ዓመት ማኅበራችን ሊያደርጋቸው የሚችላቸው ሦስት ቀላል ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ በቅዳሜው የአማርኛ ትምህርት ልጆች ክራር መደርደር ብቻ ሳይሆን ክራር መሥራትም ይማሩ። ገበቴውን መጥረብ፣ ቆዳውን ነክሮ መወጠር፣ ቀንበሩን ማሰር ከጊታር ይልቅ ለልጅ እጅ የቀረበ ነው፤ በየጎረቤቱ ልጆች ከዘይት ቆርቆሮ ሲሠሩት ያደግን ሁሉ እናውቀዋለን። ሁለተኛ፣ ከመካከላችን የእንጨት፣ የቆዳና የብረት ሙያ ያላቸውን አባቶችና እናቶች እየጋበዝን ለልጆቻችን እናስተዋውቅ፤ ስማቸውም በሚቀጥለው መጽሔታችን ላይ ከመሥራቾቻችን ስም አጠገብ ይጻፍ። ሦስተኛ፣ በበዓሉ ቀን ከምንተክላቸው ችግኞች መካከል አንዱ ምፒንጎ ይሁን። እኛ አንቆርጠውም፤ ልጆቻችንም አይቆርጡት ይሆናል። የሚደርሰው ማኅበራችን መቶኛ ዓመቱን በሚያከብርበት ዘመን ገደማ ነው።

ጊታር የሚጫወተውን ልጅ «ክራርህን ተውክ» ብለን አንውቀሰው። የሁለቱን ዝምድና እንንገረው፤ ሁለቱንም በእጁ እንዲይዝ፣ ከቻለም እንዲሠራ እናበረታታው። እጁ የተማረ ልጅ በየትኛውም አገር ቢሄድ ባዶ እጁን አይሄድም።

መልካም የኢዮቤልዩ በዓል ይሁንልን! ለሚቀጥለውም በዓል በሰላም፣ በጤናና በፍቅር ያድርሰን።